ማክሰኞ የተነሳው ፎቶግራፍ

ረቡዕ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለእህቴ፣ ለቁንጫዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አባባ ካረፈ ሦስት ወር ሆነው፣ ቤቱም ጭር ብሏል። ለቀብሩ አልመጣችም ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ አማሽ። እኔ ግን ለምን እንደቀረሽ አውቃለሁ።

ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ከቦምብ ይሸሸግባቸው የነበሩ ጉድጓዶች በየግንባታው ቦታ እየተደረመሱ ስላስቸገሩ፣ የት የት እንደነበሩ ከድሮ የአየር ፎቶግራፍ ፈልግ ተባልኩ። ፎቶዎቹን ያነሱት የደበደቡን ሰዎች ናቸው፤ ቅጂውን የሰጡን ገና ዘንድሮ ነው። አዲስ የተቆፈረ አፈር ከላይ ሲታይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እኔም እሱን እየተከተልኩ ምልክት አደርጋለሁ።

ትናንት የእኛን ግቢ አገኘሁት። የኩሽናው ጣሪያ፣ የውሃ በርሜሉ፣ ሁሉም አለ። እማማ የሞተችበት መጠለያ ቦግ ብሎ ይታያል። ዙሪያውን በእርሳስ ከብበውታል፤ የወታደር ምሽግ መስሏቸው ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እከብበው ነበር።

ቁንጫዬ፣ ፎቶው የተነሳው ማክሰኞ ነው። ቦምቡ የወደቀው ሐሙስ ነው። እማማ ታማ ስለነበር በዘጠኝ ዓመትሽ ያጠብሽላትን አንሶላ ያሰጣሽው ሐሙስ ጠዋት ነው። በማጉያ ደጋግሜ አየሁ፤ ገመዱ ላይ ምንም የለም። አባባ «አውሮፕላኑን የጠራው ያንቺ አንሶላ ነው» ያለሽ ተሳስቶ ነው። ይህን ሳያውቅ ሞተ።

እዚህ ላይ ባቆም በወደድኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ፎቶግራፍ አወጣው። ሰኞ መጠለያውን ቆፍረን እንደጨረስን አባባ ለሁለት ቀን ሥራ ሲወጣ «ከላይ እንዳይታይ አፈሩን ዛሬውኑ በሣር ሸፍነው» ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬ ኳስ ጨዋታ ሄድኩ። የሸፈንኩት ረቡዕ፣ እሱ ሊመለስ ሲል ነው። ማንም አላወቀብኝም። አንቺን ሲወቅስሽ አጠገብሽ ቆሜ ነበር፤ ሣሩን እንዳዘገየሁ እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ባለቤትሽ አንድ ጊዜ «እስከዛሬ ልብስ ውጭ አታሰጣም» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ደብዳቤውን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ፎቶውን አብሬ ልኬልሻለሁ፣ ቀኑ ጥጉ ላይ አለ። ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ የእማማ ምርቃት አይለይሽ። እዚያ ፀሐይ ስትወጣ፣ እባክሽ፣ አንሶላሽን ውጭ አስጪው።

ሣሩን ያዘገየው ወንድምሽ