የአባባ ተከራካሪ

ግንቦት 6፣ 1929
ጭጋግ። ገብስ ስፈትግ ዋልኩ፣ ክንዴ ዝሏል። ወደ ማታ የአክስቴ ልጅ ጎበዜ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ይዞ መጣ። አዳነ ይባላል፣ አስተማሪ ነው። ከየካቲቱ ጭፍጨፋ ወዲህ ጣሊያን ውጭ አገር የተማረውን ሁሉ እያደነ ነው፤ እኛ ዘንድ ይሰንብት ተባለ። አባባ የትና ምን እንደተማረ ጠየቁት። ኢየሩሳሌም፣ ዕብራይስጥ አለ። አባባ እዚህ መንደራችን ዘመሮ ብሉይ ሲያስተምሩ ያረጁ መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው በራ። ከዚያ የደምቢያ ቤተ እስራኤል መሆኑን ነገራቸው። ኦሪትን እንጂ ወንጌልን የማይቀበል... አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ "እንግዲህ እግዜር ሥራ አላሳጣኝም" አሉ።

ግንቦት 9
ክርክሩ ተጀመረ። ኢሳይያስ ምዕራፍ ሰባት። ድንግል ትፀንሳለች የተባለው ለእመቤታችን ነው ይላሉ አባባ። አዳነ ደግሞ በዕብራይስጡ ወጣት ሴት ማለት ነው ይላል። ምልክቱም የተሰጠው ጠላት ለመጣበት ለንጉሥ አካዝ ነው፤ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ምልክት ለአካዝ ምን ይረባዋል? አባባ ሳቁ። "ወጣት ሴት ማርገዟ ምኑ ነው ምልክት? እዚህ መንደር በየዓመቱ አለ።"
ወጡ ቀዘቀዘ። ማን አስተውሎት?

ግንቦት 10
ዛሬም። አባባ ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረዋል መሰል... መጽሐፉን ወደ ጽርእ፣ ወደ ግሪክ ቋንቋ፣ የመለሱት ሰባው ሊቃውንት አይሁድ ነበሩ፣ ድንግል ያሉትም እነሱው ናቸው አሉ። አዳነ ትንሽ ተንተባተበ። አባባ እራት ደርበው በሉ።

ግንቦት 15
እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ አባባ ናቸው። ሲከራከሩ ግን "አሰጋሽ፣ ውኃ አምጪ" ብቻ። አመጣለሁ። አልመለስም፣ በሩ ሥር እቆማለሁ።
ዛሬ ኢሳይያስ ሃምሳ ሦስት። እንደ በግ ለመታረድ የተነዳው፣ አፉን ያልከፈተው። አባባ ክርስቶስ ነው ይላሉ፤ አዳነ በአሕዛብ መካከል የሚንገላታው እስራኤል ነው ይላል። አባባ የኢትዮጵያውን ጃንደረባ ታሪክ አመጡ። ይህንኑ እያነበበ ነቢዩ ስለ ማን ይናገራል ብሎ ጠየቀ፣ ተመለሰለት፣ ተጠመቀ።
"እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ የኔታ። ገና ጥያቄው ላይ ነኝ።"
አባባ ፊታቸውን አዞሩ። ሳቃቸውን ሊደብቁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ግንቦት 19
ጎረቤታችን አረጋሽ እንግዳችሁ ለምን ማተብ የለውም አለችኝ። ሮጬ ለጎበዜ ብነግረው ለይምሰል እንሰርለት አለ። አዳነ ሳይመልስ አባባ ቀደሙ።
"ያላመነበትን ክር አንገቱ ላይ አላስርም። እኔንም ያስዋሸኛል፣ እሱንም።"
እንዲያምን ከማንም በላይ የሚጓጉት እሳቸው አይደሉም? አዳነ ወደ ደጅ ወጣ። ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ።

ግንቦት 23
የባንዳው አለቃ ሸዋንዳኝ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ፈረንጅ አገር የተማረ ሰው ደብቃችኋል ተብሏል አለ። አባባ ተማሪዬ ነው አሉ። ማተቡስ የት አለ? አለ ሸዋንዳኝ።
"እኔም በየቀኑ የምለው ይህንኑ ነው። እስቲ አንተ ጠይቅልኝ" አሉ አባባ።
ሸዋንዳኝ ምኑን እንደማይቀበል ጠየቀው። አዳነ ድምፁ ቀጥኖ ጀመረ። በትረ መንግሥት ከይሁዳ አይጠፋም የሚለውን ከኦሪት ጠቅሶ፣ ይህ ስለ ክርስቶስ አይደለም አለ። አባባ አቋረጡት። እሱም አቋረጣቸው። ወደ ግዕዝ ገቡ። ጠመንጃውን ረሱት! አባባ በመቋሚያቸው መሬቱን ደበደቡ፣ ደንቆሮ አሉት። ሸዋንዳኝ መጀመሪያ ተቀመጠ፣ ቀጥሎ አዛጋ፣ በኋላ ተነሣ። ደብተራ ነው ተዉት፣ የደበቀውን ሰው እንዲህ የሚሰድብ የለም ብሎ ወጣ።
እነሱ አላቆሙም። "ሄደዋል እኮ" ያላቸው ጎበዜ ነው።

ግንቦት 25
አዳነ ሄደ። ወደ መርሐቤቴ፣ አርበኞቹ ዘንድ። አባባ ከኦሪት የአሮንን ቡራኬ ባረኩት... እሱን ሁለቱም ይቀበሉታል።

ሰኔ 12
ዝናብ። አባባ ለተማሪዎቻቸው "አይሁድ እንዲህ ይላሉ" ማለት ትተዋል። "አዳነ እንዲህ ይላል" ሆኗል። ልጆቹ አዳነ የሚባል የጥንት ሊቅ ያለ መስሏቸዋል።
ዛሬ ተማሪዎቹ ሲሄዱ ጠሩኝ። ውኃ ይዤ ገባሁ። አስቀምጪው አሉ።
"አሰጋሽ፣ ተቀመጪ። የእሱን ወገን ያዢ።"
ያዝኩ። አዳነ ስለ በጉ ያለውን ሁሉ አልኩ። ሲያልቅብኝ ግን አላቆምኩም። በየካቲት አዲስ አበባ ላይ የታረዱትስ፣ አባባ? እነሱስ እንደ በግ አልተነዱም? ነቢዩ እነሱን አያውቃቸውም?
አባባ ቀና ብለው አዩኝ።
"ይህን አዳነ አላለም።"
"እኔ ነኝ ያልኩት።"
መጽሐፉን ወደ እኔ አዞሩት።