ቀይ ያልነካቸው ገጾች

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለለፍላፊዋ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አመማት እንጂ ደህና ናት። ጣሪያውም አሁን አያፈስም፣ ቆርቆሮውን ቀየርኩት።

"ከማስገባቴ በፊት አንዴ እይልኝ አባዬ" ብለሽ የላክሽውን የጥናት ጽሑፍ ጨርሼዋለሁ። ጎረቤታችን ሹፌሩ ነገ ወደ እናንተ ስለሚሄድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሻል። ሳይረሳኝ በተራ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ነጥብ ትረሺያለሽ። ዓረፍተ ነገር ጀምረሽ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ታስኬጂኛለሽ። ሁለተኛ፣ "ስለዚህ" የሚለውን ቀንሺ፣ በየመስመሩ አለ። ሦስተኛ... ሦስተኛውን ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ያረምነው እንዲህ ነው። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እናትሽ ልብስ እያጣጠፈች ታዳምጣለች። ጆሮዋን የከበደው ቦታ ላይ "ቁም!" ትለኛለች፣ እኔ በቀይ አሰምርበታለሁ። "ሰው አውቶቡስ ወረፋ ላይ ሲቆም ቀድሞ የሚያየው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ስንት ሰው እንዳለ ነው" ያልሽው ጋ ስንደርስ ሳቀች።

"ይቺ ልጅ! እዚህ ቁጭ ብላ የምታወራ እኮ ነው የሚመስለው" አለች።

ከዚያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ደረስን። "በተጠቀሱት ተለዋዋጮች መካከል ያለው ጉልህ ተዛማጅነት" እያልኩ አነበብኩ፣ አነበብኩ። አንድም ቦታ ቁም አላለችኝም። ቀና ስል ሸሚዜን ይዛ ቆማለች።

"የማንን ነው የምታነበው?"

"የልጅሽን ነዋ!"

"ይሄ የሷ አይደለም። ደግመህ እየው።"

ደግሜ አየሁት። እስከ መጨረሻው አንድ ስህተት የለበትም። ልጄ፣ አንቺ ነጥብ የማትረሺው ከመቼ ጀምሮ ነው?

አክስትሽ መጥታ ስለነበር ነገርናት። "አሁን ሁሉም በሰው ያስጽፋል፣ ምን ያንገበግባችኋል?" አለች።

"ከተያዘች እኮ ትባረራለች" አልኳት።

"ደሞ አንተ! ዝናቡ ሳይመጣ ጃንጥላ ዘርግተህ ትዞራለህ።"

እውነቷን ነው፣ እፈራለሁ። መባረርሽን እፈራለሁ። እሱ ብቻ ግን አይደለም። ስምንተኛው ገጽ ላይ እንደዚያ ስትቀልጂ የነበርሽ ልጅ ዘጠነኛው ላይ ስትደርሺ ምን ሆንሽ? ታመሽ ነው? ያስከፋሽ ሰው አለ? ስደውልልሽ "ደህና ነኝ አባዬ፣ ክፍል ልገባ ነው" ብለሽ ዘጋሽው። እሁድ ነበር እኮ። እሁድ ምን ክፍል አለ?

ይኸው ሦስተኛው። ከዘጠነኛው ገጽ ጀምሮ ያለውን አልነካሁትም። አውጪውና ራስሽ ጻፊው። የምታስገቢው ሰኞ ነው፣ ጊዜ አለ። ካልደረሰልሽ መምህርሽን ቀን እንዲጨምርልሽ ለምኚ። እሱም ካልሆነ፣ ወይ ካቃተሽ፣ ሹፌሩ ሐሙስ ሲመለስ መኪናው ባዶ ነው፣ አነጋግሬዋለሁ። መጥተሽ ምንም ሳትናገሪ ገብተሽ መተኛት ትችያለሽ። እናትሽ አንሶላሽን አጥባለች። የሚጠይቅሽ የለም፣ እኔንም እሷ ትይዘኛለች።

ጤናሽን ይስጥሽ፣ ልብሽን ያሳርፍልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

የምትጽፊው ከሆነ ደግሞ ነጥቡን እንደልማድሽ እርሺው። ቀዩ እስክሪብቶ ገና አላለቀም።

አባትሽ