አልበቀለም ያልኩት ጥርስ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አጥንቱን በብስኩት ካርቶን አመጡት። ኢንስፔክተሩ ካርድ ክፍል ድረስ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ደሴ እስኪላክ ጊዜ ይፈጃል። አንቺ ጥርስ ተምረሻል፤ ዕድሜውን ብቻ ንገሪኝ» አለኝ። ጥርስ «ተምሬአለሁ»። የሆስፒታሉ ጥርስ ሐኪም ነበርኩ ማለት ከብዶታል።

የተገኘው ይመር ጓሮ ነው፤ ሽንት ቤት ሲቆፈር። ይመር ደላላ ነው፣ ልጃገረዶችን ሳዑዲ ይልካል። እህቱ ዘሀራም ሪያድ ናት፤ ልጇን ሀያትን እሱ ዘንድ ትታ ሄደች። አምና ክረምት ሀያት ጠፋች። ያኔ ሦስት ዓመት ተኩል ይሆናት ነበር። ወንዝ ወሰዳት አለ፤ ሬሳ አልተገኘም። አሁን ይመር ታስሯል።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው የታችኛው መንጋጋ የፊት በኩል ነው፤ የኋላው ተሰብሮ የለም። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ጉድጓዳቸው ቀርቷል። አንድ የወተት መንጋጋ ጥርስ አለ። ክራንቻው የሚበቅልበት ቦታ ዝግ ነው። የወተት ክራንቻ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይበቅላል። ስለዚህ ሕፃኑ ከዚያ በታች ነው። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

«እንግዲያው ሀያት አይደለችም» አለ ኢንስፔክተሩ። «የሰባ ሰባቱ ረሃብ ቀብር ይሆናል።»

እውነቱን ልጻፍ። ይመርን የሚያስር መልስ ቢወጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አምጥቶ «አሥራ ስምንት በዪልኝ» ሲለኝ ጥርሷን አይቼ እምቢ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው የጥርስ ክፍሉ የተቆለፈብኝና ካርድ ፈላጊ የሆንኩት።

ማክሰኞ

ተፈታ። በቀጥታ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መጣ፤ ሰው ተሰልፎ ሳለ።

«ዶክተር፣ አላህ ይስጥሽ። እኔ ደግሞ ጠላቴ ትመስይኝ ነበር።»

ለሚቀጥለው ሰው ካርድ መፈለጌን ቀጠልኩ።

«ያቺ እምቢ ያልሽብኝ ልጅ እኮ ሪያድ ገብታለች። አብሽሪ፣ ደህና ናት።» የተሰለፈውን ሰው ዞር ብሎ አየና ሳቀ። ጥቂቶቹ አብረውት ሳቁ።

እናቴ ግን ኮርታለች። ለጠላቷ ሐቅ መሰከረች እየተባልኩ ነው አሉ።

አንድ ነገር አልወደድኩትም። ክራንቻው በግራም በቀኝም የለም፣ አጥንቱም ልሙጥ ነው። ሊበቅል የተቃረበ ጥርስ አጥንቱን ከላይ ገፋ ያደርገዋል። እዚያ ምንም የሚገፋ አልነበረም። ሰኞ ይህን አይቼዋለሁ። አይቼው አለፍኩ። ቸኩዬ ነበር? ወይስ ይመርን ስለምጠላ ራሴን ፈርቼ ወደ ሌላው አጋደልኩ?

ረቡዕ

ካርቶኑን እንደገና ለማየት ጠየቅሁ። ኢንስፔክተሩ «ያለቀ ነገር» አለ፤ ግን ሰጠኝ።

ከሥር የቀረውን አፈር በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። የመንጋጋው የኋላ ስባሪ ወጣ። ከፊተኛው ጋር ገጠምኩት፤ ልክ ገባ። ሁለተኛው የወተት መንጋጋ ጥርስ ሙሉ በሙሉ በቅሏል። አናቱ ላይ የማኘክ ምልክት አለው። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ይህ ጥርስ የለውም።

ራጅ ክፍል ያለው መሐመድ ምንም ሳይጠይቅ አነሳልኝ። ከኋላ፣ አጥንቱ ውስጥ፣ የቋሚው መንጋጋ ጥርስ አናት ተሠርቶ አልቋል። ከሦስት ዓመት በላይ። ክራንቻው ቦታ ላይ ግን ባዶ። ያልበቀለ ቢሆን ውስጥ ይታይ ነበር።

አልበቀለም አይደለም። በሰው እጅ ተነቅሎ ወጥቷል።

ግግ ነው። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው፣ ድዱ ነጣ ብሎ ሲያብጥ፣ «ግግ ነው» ብለው ያልበቀለውን ክራንቻ በስለት ያስወጣሉ። ስንቱ እናት ልጇን አምጥታ «ለምን አልበቀለም?» ብላኛለች። ለስንቷ ነው ያስረዳሁት። ሰኞ ግን አልታየኝም።

ሐሙስ

የሰኞ መልሴን ማረሚያ ጽፌ ወሰድኩለት። ኢንስፔክተሩ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ገለበጠው።

«ሰኞ አወጣሽው፣ ሐሙስ ልታስገቢው መጣሽ። ሰው ምን የሚል ይመስልሻል?»

«ቂም ነው ይላል።»

«እኔስ ምን ልበል?»

«ተሳሳተች በሉ። እኔው ጽፌዋለሁ፤ ስሜ ከሥር አለ።»

ዘሀራ ስለ አጥንቱ ሰምታ እየመጣች ነው፤ ነገ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ትወርዳለች። ኢንስፔክተሩ ራሱ ይጠይቃታል። መልሱን አቀበለቻት እንዳይባል እስከዚያ እንዳላገኛት ከለከለኝ። ትክክል ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እከለክላለሁ። ልጇ ግግ ካልወጣላት ግን አለቀልኝ። ይመር ነጻ፣ እኔ ሐሰተኛ።

ቤት ስደርስ እናቴ ፊቷ ጠቁሯል። ይመር መጥቶ ነበር። አልተቀመጠም። «ልጅዎ በጊዜ ትግባ በሏት፤ ዘንድሮ መንገዱ ሸጋ አይደለም» ብሎ ሄደ። ማረሚያ መጻፌን ማን ነገረው? ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላውም።

«ልጄ፣ ተይው» አለችኝ እናቴ። «የሞተች አትመለስ።»

ወደ ጓዳ ገባሁ። ብናገር እጮህባት ነበር።

ቅዳሜ

ትናንት ቀኑን ሙሉ አልጠሩኝም። ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ጠሩኝና በር ላይ እንድቆም ተነገረኝ፣ ሳልናገር።

ዘሀራ የሪያድ አባያዋን እንደለበሰች ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። ልጅሽ ሕፃን ሳለች በባህል የተደረገላት ነገር አለ?

«እንጥሏን ተቆርጣለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

በሩን ያዝኩት። እሷ እጆቿን አየችና፣

«ግጓንም አስወጥተንላታል። ተቅማጡ ሊገድላት ነበር። ከታች፣ ሁለቱን። ከዚያ ወዲያ ጥርስ አላበቀለችበትም። ስትስቅ ክፍተቱ ይታያል።»

ከዚያ ቀና አለች። «ለምን ጠየቃችሁኝ?»

ኢንስፔክተሩን አየች፣ እኔን አየች። ገባት። ሲገባት አየሁ። ይህን እንዳላየሁት ማድረግ ቢቻል እወድ ነበር።

ማረሚያዬ መዝገቡ ውስጥ ገባ። «ጥርሱ ማን እንደሆነች ነገረን፤ ማን እንደቀበራት ግን ገና ነው» አለኝ ኢንስፔክተሩ። ይመርን ሊያመጡ ሄደው ቤቱ ተቆልፎ አገኙት።

የሀያት ቀብር ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ዘሀራ ከወንድሟ ቤት በቀር እዚህ ቤት የላትም። ለቅሶው የት ይሁን ሲባል ከጎረቤት «እኔ ቤት» ያለ የለም። እኛ ቤት ይሁን አልኩ። እናቴ አየችኝ፤ ተነስታ ምንጣፎቹን ማራገፍ ጀመረች።

የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ይቀመጣል። ይመርም ይህን ያውቃል።