ቆጣሪው ላልቆጠረው መንገድ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ሰብስቤ፣
የተሽከርካሪና የነዳጅ ድልድል ኃላፊ፣
ናዝሬት

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ቤትዎ ሕመም የማይገባበት፣ ምናልባት ቢገባም መኪናዎ ቤንዚን የማያጣበት እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከወለንጪቲ ወጣ ብላ ባለችው ክሊኒክ በሹፌርነት የማገለግል ገመዳ ወዬሳ ነኝ። ባለቤቴ ጤናዬ ምጥ በያዛት ቀን የክሊኒኩ ላንድሮቨር ቤንዚን ተከልክላ ቆማ ስለነበረ፣ ናዝሬት ሆስፒታል ሳትደርስ በጋሪ ላይ ሞታብኛለች። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን በየስብሰባው ሳትፈሩ ሂስ አቅርቡ እያሉ ደክመው ስላስተማሩን፣ የተማርኩትን ሳልሠራበት መቅረት ውለታ ቢስነት መስሎ ታይቶኝ ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን አዳራሽ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሞተሩ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የእርስዎ መኪና በተበላሸች ጊዜ የክሊኒካችንን ደህና ሞተር ከነካምቢዮው አስወርደው ለራስዎ መኪና አስገጥመው፣ የእርስዎን አሮጌ ደግሞ አስጠግነው ለእኛ ስለላኩልን፣ ተካፍሎ መኖር ማለት ምን እንደሆነ በዓይናችን አይተናል። የድሮው ሞተራችን ድምፁ አይጠፋኝምና፣ መድኃኒት ልቀበል ናዝሬት ስመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሶደሬ ሲወርድ እሰማዋለሁ። ደህና ነው፣ አልከሳም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከተለወጠ ጀምሮ የላንድሮቨሯ የፍጥነት መርፌ ከዜሮ አልተነሣም፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ባለበት ደረቀ። እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ወደ ቆጣሪው የሚሄደውን ሽቦ ከካምቢዮው በኩል ፈትቼ ጫፉን በጣቶቼ ባሽከረክረው መርፌው ብድግ ስላለ፣ ቆጣሪውም ሽቦውም ጤነኞች መሆናቸውን ተረዳሁ። ቀጥሎ ካምቢዮው ላይ ሽቦውን የምታዞረውን ባለ ጥርስ ትንሽ ብረት ብፈልጋት ቦታዋ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። የእኛዋ ከድሮው ካምቢዮ ጋር ወደ እርስዎ መኪና ሄዳለች፤ በተላከልን ላይ ደግሞ ጭራሽ አልነበረችም። ከአውራ ጣት የማትበልጥ ናትና አንዲት ብቻ እንድትፈለግልን በትሕትና አመለከትኩ። እርስዎም ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው ሲሉ በክብር አሰናበቱኝ፤ ጥናቱ ጥልቅ ነው መሰለኝ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሦስተኛው የቤንዚኑ ነገር ነው። ቤንዚን የሚታደለን ቆጣሪው ባሳየው ኪሎ ሜትር ልክ ነውና፣ ቆጣሪው ካልተነቃነቀ መኪናዋ አልሄደችም፣ ካልሄደች አልጨረሰችም፣ ካልጨረሰች አይቀዳላትም ብለው ወሰኑ። ይህን ሲወስኑ፣ እኔው ከወለንጪቲ ነድቼ ያመጣኋት መኪና ከቢሮዎ መስኮት ሥር ቆማ ነበር። ወርደው መርፌውን ካዩ በኋላ፣ ቆጣሪ ያላየውን መንገድ መንግሥት አያውቀውም አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መኪናዋን ተሸክሜ መጥቼ ይሆን እንዴ ብዬ ትከሻዬን ዳብሻለሁ።

የጤናዬ ምጥ በጠዋት ጀመራት። አዋላጇ ልጁ ተጋድሟል፣ ቶሎ ሆስፒታል አድርሷት አለች። የስንቱን ሰው ሚስት ያመላለስኩባት መኪና ከደጃፉ ቆማለች፣ ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ታንከሯ ግን ደረቅ ነው። ጎረቤታችን ሆራ ፈረሱን ጋሪው ላይ ጠምዶ ደረሰልንና፣ እኔ ሹፌሩ እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጬ ራሷን በጭኔ ደገፍኩ። መንገዱ ላይ ጋሪው ባንገጫገጫት ቁጥር እጄን ትጨብጠኝ ነበር። ቆይታም መኪናህስ የት አለች ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት፣ ጓድ ሰብስቤ? መርፌዋ አልነሣ ብሎ ነው ልበላት? ከኋላችን እየመጣች ነው፣ አሁን ትደርስብናለች አልኳት። እሷም አምናኝ አንገቷን ወደ መጣንበት አዞረች፤ እንዲያ መንገድ መንገዱን እያየች አለፈች። ልጁም አብሯት ሄደ። ሆራ ጋሪውን ሲያዞር አላስተዋልኩም።

አራተኛ ነጥብም ነበረኝ፤ ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ይጠፋኛል። ልቤ ተሰብሯል፣ ጓድ፤ ይህንን በጨዋ ቃል የምጽፍበት መንገድ ባገኝ ኖሮ እንደ ሌላው ቁጥር ሰጥቼ አቀርብልዎ ነበር።

በተረፈ ያችን ትንሽ ብረት በተመለከተ የጀመሩት ጥናት እንዲቃናልዎ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ በሄዱበት ሁሉ መርፌዎ ከፍ ብሎ እንዲታይ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ጊዜና ለነፈጉኝ ቤንዚን ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

የክሊኒኩ ሹፌር፣ የጤናዬ ባል የነበርኩት
ገመዳ ወዬሳ
ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በማግሥቱ ለአስከሬን ማመላለሻ ብለው የላኩልን ሙሉ ጄሪካን ቤንዚን በሰላም ደርሶናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉ የእድር ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ቸርነትዎን አልዘነጋም። ለሞተ ሰው ቤንዚን ሲፈቀድ ቆጣሪ እንደማይታይ አላወቅኩም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ያን ጠዋት፣ ገና በሕይወት ሳለች፣ ሞታለች ብዬ አመለክት ነበር።