በወለላ ጡት ለማሉት ልዑል

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ወርቅአገኘሁ፣ ለወረዳችን አስተዳዳሪ፣ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻችን የበላይ ጠባቂ፣ ለጭቁኖች አለኝታ፤ ቀድሞ ልጅ ወርቅአገኘሁ ይባሉ ለነበሩት፣ ከዚያም በፊት ጥርስ ሳያወጡ «ልዑሌ» ይባሉ ለነበሩት።

ላሊበላ፣ መስከረም 1973 ዓ.ም.

ለክቡር ጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ክረምቱ፣ ብርዱ፣ ስብሰባው፣ የወገብዎ ሽጉጥ ክብደት እንዴት ይዞዎታል? እኔ ሞግዚትዎ ወለላ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» ልል ነበር፤ ነገር ግን አገሬ የምትባለው አስተማሪያችን ይህ ቃል ከአብዮታዊ ደብዳቤ ጋር አይሄድም ስላለችን ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ። ማን መመስገን እንዳለበት እርስዎ ቢሞሉት ይሻላል።

ፊደል የቆጠርን ሁሉ የምስክር ወረቀት ከመቀበላችን በፊት ለእርስዎ የምስጋና ደብዳቤ ጽፈን አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ ታዘናል። ባልንጀሮቼ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ገልብጠው ሄደዋል። እኔ ግን በገዛ ጡቴ ያሳደግኩትን ሰው በተገለበጠ ቃል ማመስገን ነውር መሰለኝና ከሆዴ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ድሮ እኔ እርስዎን አፍ አስፈታሁ፣ ዛሬ እርስዎ እኔን ፊደል አስቆጠሩኝ፤ በዚህስ ተካክሰናል።

ደብዳቤው ግድግዳ ላይ የሚውል ስለሆነ፣ የማያውቀን መንገደኛ ቆሞ ቢያነበው እንዳይደናገር ዝምድናችንን አስቀድሜ ላስረዳ። እናትዎ እርስዎን ወልደው ሲያርፉ እኔ የልጄ የምስጋኑ አራስ ነበርኩ። ከደጃዝማቹ አባትዎ ግቢ ሰው ተልኮ ከነልጄ ወሰደኝ። ጡቴንም ለሁለት አካፈልኩት፤ ቀኙ የእርስዎ፣ ግራው የምስጋኑ ሆነ። ጥርስ ያወጡ ሰሞን ቀኙን ነክሰው አደሙኝና ሴቶቹ «አይ ጡት ነካሽ!» ብለው ሲስቁ እኔ ተቆጣኋቸው፤ ድዱ በልቶት ነው እንጂ የጨዋ ልጅ ጡት አይነክስም አልኩ። ጠባሳው አሁንም አለ። ሴቶቹ ዛሬ አርጅተዋል፣ ሲያገኙኝ ግን ያንን ቀን ላለማንሳት ሌላ ወሬ ይፈልጋሉ።

ሁለታችሁ አፍ እንደፈታችሁ መሐላችሁ «በወለላ ጡት» ሆነ። መሐላው ከእናንተ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ አገሩ ወጣ። በሬ የሚሸጥ ሰው «በወለላ ጡት አይዋጋም» ካለ ገዢው ቀንዱን እንኳ ሳይነካ ይነዳው ነበር። ይህን ያህል ያስከበሩት ደግሞ እርስዎ ነበሩ። ምስጋኑ የአባትዎን ብርሌ የሰበረ ጊዜ፣ አባትዎ «የሰበረውን አላውቅም ብለህ በወለላ ጡት ማል» ቢሉዎ፣ ወንድምዎን ላለመጠቆምም በሐሰት ላለመማልም ብለው ጀርባዎ በጅራፍ እስኪላጥ ዝም አሉ። እኔም ጀርባዎን ቅቤ እየቀባሁ፣ ላስታ ደግሞ ንጉሥ አገኘች ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ ያኔ አልተከለከለም ነበር።

ከእሳቱ ዳር የምነግራችሁን ተረትም ያስታውሱታል። ፀሐይን ውጦ አገሩን ያጨለመውን ዘንዶ ሊገድል አንድ ልዑል ዋሻ ይገባል፤ ዘንዶው ሰው መሆኑን እንዳያውቅበትም የሞተ ዘንዶ ቆዳ ይለብሳል። ምስጋኑ ልዑሉ ዋሻው አፍ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። እርስዎ ግን ዘንዶው ሞቶ፣ ፀሐይ ወጥታ እንኳ አይተኙም፤ «ከዚያስ? ቆዳውን አወለቀው ወይ?» እያሉ ይወተውቱኛል። «በወለላ ጡት አውልቆታል» ብዬ ስምልልዎ ነው ዓይንዎ የሚከደን።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር ጻፉ ተብለናል።

1ኛ. ርስትዎን በገዛ እጅዎ ለጭሰኛ ስላከፋፈሉ አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። የመሬቱ አዋጅ የወጣ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተማሪ ቤት መጥተው፣ የአባትዎን የወርቅ ካባ ቅዳሜ ገበያ መሃል አቃጥለው «ከእንግዲህ በላስታ ጌታና ሎሌ የለም» ሲሉ እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። ምስጋኑም በጫንቃው ተሸክሞዎ ገበያውን ዞረ። እርስዎ ከላይ ሆነው ያለቅሱ ነበር፤ እንባዎ በልጄ አናት ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ዛሬም በዚያ እንባ ላይ ክፉ አልናገርም።

2ኛ. የአባትዎ ማር ቤት ባዶውን እንዳይቀር ስላሰቡለት አመሰግናለሁ። አባትዎ ማር ያስቀመጡበትን እርስዎ ሰው አስቀመጡበት። ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ድምፅ አያወጣም፤ ለጎረቤት ማሰብ ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ «ለጥቂት ጊዜ ነው፣ አብዮቱ እስኪጠና ነው» ብለውኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ነበር። የወገብዎንም ሽጉጥ እንዲሁ ለጥቂት ጊዜ ነው ያሉኝ።

3ኛ. ከለቅሶ ድካም ስላሳረፉን አመሰግናለሁ፤ የፀረ አብዮተኛ እናት ደረት አትመታም ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ሐዘናችንን በርበሬ ስንወቅጥ እንጨርሰዋለን፤ ማንም ሲያየን በርበሬው ነው እንላለን።

4ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ስለ ልጄ ስለ ምስጋኑ ነው።

ምስጋኑ በገበሬው ማኅበር ስብሰባ ተነሥቶ የተናገረውን መቼም አይረሱትም። «ጓድ፣ ድሮ ለአባትህ እንገብር ነበር፣ አሁን ለአንተ እንገብራለን፤ እህሉ የሚገባበት ቤት ያው አንድ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። የልጄ ጥፋት ይህ ነው፤ አንድ ጡት የጠቡ ወንድሙ ስለሆኑ ቀልድ የሚያውቁ መሰለው። በማግስቱ ስሙ ከፀረ አብዮተኞች ጋር ተጠራ፣ እሱም አሸተን ማርያም ወጥቶ ተጠጋ።

እርስዎም ያን ሁሉ ዳገት ወጡ። ምስጋና ይገባዎታል፤ ጉልበት ያለው ሹም ማግኘት ቀላል አይደለም። የደብሩ አገልጋይ አባ ወልደ ኪዳን ከበሩ ላይ ቆመው «ማርያም ጥግ የገባ አይነካም» ቢሉዎ፣ እርስዎ የሃይማኖት ሰው ሳያስቀይሙ፣ ታጣቂዎቹን ከቋጥኙ ኋላ አቁመው፣ ሽጉጥዎን ፈትተው መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ምስጋኑ፣ ወንድሜ፣ በወለላ ጡት፣ ከራስህ ፀጉር አንዷን የሚነካ የለም፤ ውጣና እንነጋገር» አሉ። አባ ወልደ ኪዳን እጁን ይዘው «ልጄ፣ አትውጣ» ብለውት ነበር። እሱ ግን ሳቀባቸው አሉ። «አባ፣ ይህን መሐላ እርስዎ አያውቁትም፤ ይህ ሰው ለዚህ መሐላ ጀርባው ተልጧል» ብሎ ወጣ።

ታጣቂዎቹ የፊጥኝ አሰሩት። በእርግጥ ፀጉሩን የነካው የለም፤ የታሰረው በክንዱ ነው፣ የተመታው በጠብመንጃ ሰደፍ ጎኑን ነው። መሐላዎን ቃል በቃል ስለጠበቁልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ! አባ ወልደ ኪዳን ከተራራው ወርደው ይህን ሲነግሩኝ ፊቴን ማየት አቅቷቸው ለምሰሶው ነበር የሚናገሩት።

ማር ቤቱ በር ድረስ ስንቅ ይዤ መጣሁ። ዘበኛው «እዚህ የለም» አለኝ። ታዲያ ወዴት ነው ብዬ ብጠይቀው «እሱን ጓድ ናቸው የሚያውቁት» አለኝ። ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ነዎት፤ ቤትዎ ስመጣ እንግዳ አለብዎት፤ መንገድ ላይ ስጠብቅዎ መኪናዎ አቧራ አልብሶኝ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ምስጋኑን ያየ ሰው የለም።

ቀጥሎ ያለው ስንተኛ እንደሆነ ቁጥሩ ጠፋኝ። ስለ ሀፍረቴ ነው።

ሰው ሐዘን ብቻ የያዘኝ ይመስለዋል። ሐዘንስ ስንቱ እናት ችሎታል። እኔን የሚያቃጥለኝ ሀፍረቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አራጋው የሚባል የበቅሎ ነጋዴ «በቅሎዬ አትራገጥም» ብሎ ሲምል፣ ገዢው «በእውነት ነው ወይስ በወለላ ጡት?» አለው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከጨው ሻጩ ፊት ቆሜ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ የከፈልኩበትን ጨው እንኳ ሳልይዝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰፈር ውስጥም ልጆች ሊሸዋወዱ ሲሹ «በወለላ ጡት» እየተባባሉ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ክፋት የላቸውም፤ ሲያድጉ የሰሙትን ነው የሚሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማንን ሄጄ መልሱልኝ እላለሁ?

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእኔ ሆድ ግን የወለደው ምስጋኑን ብቻ ነው፤ የተዥጎረጎረው ጡቴ ነው። አንዳንዴ ሰውነቴን ስታጠብ ዓይኔን ከቀኝ ጎኔ እሸሻለሁ። ወተቱ ክፉ ነበር እንዳልል ምስጋኑ ከዚያው አካል ጠብቷል። አስተዳደጉ ነው እንዳልል ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዘመኑ ነው ይሉኛል ሰዎች ሊያጽናኑኝ። ዘመኑስ ጡት ጠብቶ ያውቃል? መሐላ አያውቅ፣ ወንድም አያውቅ፤ ዘመንን ማን ይሰድባል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ምስጋኑ በሕይወት ካለ የት እንዳለ ይንገሩኝ፤ ደሴም ይሁን ከዚያ ወዲያ ስንቁን ተሸክሜ በእግሬ እሄዳለሁ። ከሌለም የወደቀበትን ይንገሩኝ፤ አባ ወልደ ኪዳን ፍትሐት ያድርሱለት፣ እኔም እንደ ማንኛዋም የሰው እናት ጮኼ ላልቅስ። አስተማሪያችን አገሬ ይህን ደብዳቤ አላየችም፤ ሊጥ አቡክቼ የለጠፍኩትም ብቻዬን ነው፤ ከፎቶግራፍዎ አጠገብ ባዶ ቦታ ስለነበር እዚያ ላይ አድርጌዋለሁ። መጠየቅ ያለበት ሰው ካለ ቤቴን ያውቁታል፤ ከግቢው ጥግ ያለችው፣ ዳዴ ያሉባት ጎጆ ናት።

በተረፈ የሥልጣን ዘመንዎ እንደ አሸተን ዳገት ይርዘምልዎ፤ የወጣ ሁሉ መውረዱን ግን አይርሱት። ነጠላዬን አደግድጌ፣ እጅ ነስቼ፣ ያንን ዛሬ ሽጉጥ ያንጠለጠሉበትን፣ ድሮ እኔ በመቀነቴ አስሬ ያዘልኩትን ወገብዎን ተሳልሜ እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ ሞግዚትዎ፣ የዛሬ ተማሪዎ፣ ለቅሶዋ ያልተፈቀደላት የምስጋኑ እናት፣

ወለላ

(በጣት አሻራ ሳይሆን በገዛ እጄ የፈረምኩት፤ ይህንንስ ከልብ አመሰግናለሁ።)

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦

እዚህ ላይ አንቱታው አለቀብኝ፤ ብትቀየም ተቀየም። አንተ ልጅ፣ ያን ዘንዶ የገደለውን ልዑል ስትጠይቀኝ፣ ቆዳውን አውልቆታል ብዬ በገዛ ጡቴ ምዬልሃለሁ። ገበያው በእኔ ቢስቅም እኔ በዚያ መሐላ እስከ ዛሬ ውዬ አድራለሁ፤ አታስዋሸኝ። ደግሞ ምስጋኑ ሁልጊዜ ተረቱ ሳያልቅ ይተኛ ነበር። ለእሱ የሆነውን መጨረሻ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። እኔ ስንቱን ተረት ስነግርህ ኖሬያለሁ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው፣ ይቺን አንዷን ንገረኝ።