አሻንጉሊቷን ከማቃጠልሽ በፊት

ዮማይራ፣
ወደ ማንታ የሚሄደው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው፤ በዓሉን እናቴ ጋ ነኝ። ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ። ድመቷን እንዳትረሺ።

ዛሬ ማታ አሮጌውን ዓመት ልትሸኚባት የሰራሻትን አሻንጉሊት አየኋት። ሰው የከንቲባውን ምስል ሰርቶ ያቃጥላል፣ አንቺ የራስሽን! ሸሚዝሽን አልብሰሽ፣ አንገቷ ላይ "ደደብ፣ የማትረባ" የሚል ጽሑፍ አንጠልጥለሽ።
ጉርዱ ደግሞ የኔ ነው፣ ሌባ።

ይሄ ሁሉ ለአንድ መንጃ ፈቃድ ፈተና? ፈታኙ "መኪናውን አጣምመሽ ነው ያቆምሽው" ብቻ ነው ያለሽ። ሌላውን የጨመርሽው አንቺ ነሽ። እኔን ደደብ ቢለኝ ኖሮ ግን ጫማሽን አውልቀሽ ታባርሪው ነበር።

ባለፈው ራስሽን ስትሰድቢ አብሬሽ የሳቅሁት...
ተይው።

ልብሶቹን አውልቄ አልጋሽ ላይ አድርጌያለሁ። ጽሑፉን ቀድጄ ከሰጋቱራው ጋር ሆዷ ውስጥ ጠቅጥቄዋለሁ። ፊቷ ላይ ትልቅ አፍ ብቻ ስያለሁ። አሁን አቃጥያት፤ እሳቱ ሲበርድ እንደ ሰው ሁሉ ዘለሽ ተሻገሪው።

ጎረቤቶች "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" ካሉሽ፣ "አብራኝ እየኖረች ስትሰድበኝ የከረመች ናት" በያቸው።
እኔን ይመስላቸዋል።
ይምሰላቸው።

ግሌንዳ