ድልድይ በመሻገሬ ስለተቆረጠብኝ የሥራ አጥነት ድጎማ

ይድረስ ለተከበሩ ከወንዙ ማዶ ላለው ክፍለ ግዛት የድጎማ ቢሮ ኃላፊ፣

ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ፣ በተለይም ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ካለ ለእርሱ፣ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ቨርኔታ ሃልቨርሰን እባላለሁ፤ ከወንዙ ወዲህ እየኖርኩ፣ በእርስዎ ግዛት በሚገኝ የመስኮት ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ ፋብሪካው በማርች ሲዘጋ የተሰናበትኩ ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. የምኖርበት ግዛት ቢሮ «የሠሩት እዚያ ነው፣ እዚያ ይሂዱ» ሲለኝ፣ የእርስዎ ደግሞ «የሚኖሩት እዚያ ነው፣ እዚያ ይጠይቁ» እያለ አምስት ሳምንት በማመላለስ እግሬን ስላፍታታልኝ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ የእርስዎ መሆኔ ታምኖ ድጎማው ተጀመረ።

2ኛ. በየእሑዱ የምሞላው ቅጽ «በዚህ ሳምንት ከሚኖሩበት ግዛት ወጥተዋል?» ይላል። እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች ዳቦ የምንገዛውም፣ ጥርስ የምንነቀለውም ድልድዩን ተሻግረን ነውና «አዎ» አልኩ። ያን ሳምንትማ የተሻገርኩት የእርስዎ ቢሮ ለሥራ ፍለጋ ምክር በደብዳቤ ጠርቶኝ ነው። አማካሪዋም «በርቺ የኔ እናት፣ እንዲህ ከተመላለስሽ ሥራ አታጪም» ብላ ሸኝታኛለች። በሳምንቱ «ጉዞ ላይ ስለነበሩ ለሥራ ዝግጁ አልነበሩም» ተብሎ ድጎማዬ ተቆረጠ። አብሮኝ የተባረረው ዶይል «አንቺ ደግሞ! እንዲህ ላለ ቅጽ እውነት ይነገራል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ በየቀኑ እየተሻገረ «አልወጣሁም» ብሎ ይሞላል፤ ድጎማውም አንድ ቀን አልቀረበትም። ቢሮዎ ሐቀኞችን ለይቶ ስለሚያውቅ ላደንቀው እወዳለሁ።

3ኛ. አባቴ አቶ ኦርቪል የሚተነፍሱት በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ነው። ድጎማው ስለቀረ ሂሳቡን አልከፈልንምና የመብራት ድርጅቱ ጁን 10 እንደሚቆርጥብን አስጠንቅቆናል። ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ። መቀመጥ አቅቶኝ ከስልኩ ወደ ፖስታ ሳጥኑ፣ ከፖስታ ሳጥኑ ወደ አባቴ አልጋ ስመላለስ እውላለሁ፤ መሣሪያው ድምፁን በቀየረ ቁጥር ሮጬ አያለሁ። ይህን ሁሉ ጽፌ ይግባኝ ሳስገባም፣ ጉዳዬ «በአስቸኳይ» ጁን 24 እንዲታይ ስለፈቀዱልኝ ውለታዎ አለብኝ።

በሁለት ግዛት ግብር ከፍላ በአንዱም ሰው ያልተባለች፣ ለክቡርነትዎ ግን ዘወትር እጅ የምትነሳ፣
ቨርኔታ ሃልቨርሰን

ማሳሰቢያ፦ ሁለቱን ቀኖች ለአባቴ ነገርኳቸው። «ታዲያ አሥራ አራቱን ቀን ትንፋሼን ይዤ ልጠብቃቸው?» ብለው እርስዎን እንድጠይቅላቸው አዘውኛል። መልሱን እባክዎ በፖስታ አይላኩት፤ ላይደርስላቸው ይችላል።